የእምሩ ሁለት የሸክላ ማጫወቻዎች

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ነበርኩበት... በእጄም ነክቼዋለሁ።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። ወሩ መጋቢት፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው እሪ በከንቱ፣ ዛሬም የምኖርበት ይኸው ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ውሻ አላላዘነም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር።

ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ልጄ ሰርክአዲስ ሰሞኑን አንድ ነገር ስላለችኝ ነው።

«እማዬ፣ የአባቴን ሸክላ ማጫወቻዎች እንሽጣቸው» አለችኝ።

ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ምንም አታስታውስም።

ባለቤቴ እምሩ ውቤ በረሃ ውስጥ የአንድ ጭፈራ ቤት ሸክላ አጫዋች ነበር። ዛሬ ዲጄ የምትሉት መሆኑ ነው። ሁለት ማጫወቻዎች ነበሩት፤ በአንድ ረጅም ጣውላ ላይ ግራና ቀኝ ተቸንክረው የተቀመጡ።

የግራውን «አንካሳው» ይለው ነበር። ክንዱ ስለሚዘል መርፌው እንዲረጋ አንድ ስሙኒ ይጭንበታል። የንጉሡ ምስል ያለበት፣ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተቆራረጠው አሮጌው ስሙኒ። የቀኙ ጤነኛ ነው፤ ስሙኒ አያስፈልገውም።

ለሥራው አንድ ሕግ ነበረችው።

«ቤቱ ዝም ማለት የለበትም» ይል ነበር። «ዝም ካለ ሰው ኮቱን ፈልጎ ይነሳል።»

ስለዚህ አንዱ ሸክላ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የሌላውን ሳህን ቀድሞ ያስነሳዋል። መርፌ ሳያሳርፍበት፣ ባዶውን እንዲዞር ይተወዋል። ያኛው ሲያበቃ ይኼኛው ይቀጥላል።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ሰዓት እላፊው ሲጠና ጭፈራ ቤቱ ተዘጋ። አሠሪው ማጫወቻዎቹን ለእምሩ ሰጥቶት ወደ አገር ቤት ገባ። እምሩ በጋሪ ጭኖ አመጣቸውና ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ከነጣውላቸው አስቀመጣቸው። ሥራ ባይኖረውም፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድሮ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት፣ በጨርቅ ይወለውላቸዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ሁለት ሸክላ ያጫውታል።

እኔ ደግሞ እየተከተልኩ መስኮት እዘጋለሁ። ጎረቤት ምን ይላል... ቀበሌ ምን ይላል... ፍርሃት አያልቅብኝም።

«ጽጌ፣ አንቺ እኮ ዝናብ ሳይጥል ጣሪያው አፈሰሰ የምትዪ ሰው ነሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

መስከረም ላይ ወሰዱት።

ለጥያቄ ትፈለጋለህ አሉት። ሸሚዙን እንኳ አልቀየረም። በሩ ላይ ሲደርስ ዞረና አንዴ እኔን፣ አንዴ ጠረጴዛውን አየ።

«እንዳትሸጫቸው» አለኝ በሹክሹክታ። «እመጣለሁ።»

አልመጣም።

ስንቅ ይዤ ያልቆምኩበት በር የለም። በሄድኩበት ሁሉ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም ይሉኛል። ሞተ ያለኝም የለም። አለ ያለኝም የለም።

ቤት የቀረነው ሦስት ነን። እኔ፣ ሰርኬ፣ እና የእምሩ እናት እማማ ደብሪቱ። የማጫወቻዎቹን ሶኬት ከግድግዳው የነቀልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ከላይ የእምሩን ነጭ ጋቢ አለበስናቸው።

ጥር ወር ላይ አንድ ቀን ከደጅ ስገባ እማማ ደብሪቱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ጋቢው ሥር ነው።

ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምንም አሉና እጃቸውን አወጡ።

በማግስቱም እንደዚያው። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ... ዘጠኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ጠሩኝ።

«ነይ። እጅሽን አምጪ።»

መዳፌን ይዘው ከጋቢው ሥር አስገቡና የግራው ሳህን ላይ አሳረፉት።

ይሞቃል።

እንደ እሳት አይደለም። እንደ ተኛ ልጅ ግንባር... ሞቅ ያለ። የቀኙን ነካሁት። ድንጋይ ነው። ሶኬቱን አየሁ። ወለሉ ላይ ወድቋል። ከዚያ በላይ ደግሞ በዚያን ቀን ግቢው በሙሉ መብራት አልነበረውም።

«አለ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «ልጄ አለ። ከወሰዱት ቀን ጀምሮ በዚች ሰዓት ይሞቃል።»

ፀሐይ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጠረጴዛውን እየጎተትኩ ፀሐይ ወደማይደርስበት ጥግ ወሰድኩት። በማግስቱም ሞቀ።

ሌላው ያስተዋልኩት ነገር አቧራው ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጋቢውን አነሳለሁ። የቀኙ ሳህን ላይ በጣት ስም የሚያስጽፍ አቧራ አለ። የግራው ግን ያበራል። ማንም ሳይወለውለው።

ስሙኒውን አንስቼ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩት። ቀፎውን ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ።

በማግስቱ ስሙኒው አንካሳው ክንድ ላይ ነበር።

እማማ ደብሪቱ በጊዮርጊስ ማሉልኝ። አልነካሁም አሉ። ሲምሉ ግን ፊታቸው ላይ ፍርሃት አልነበረም። ፈገግ ብለው ነበር። ፍርሃቱ በሙሉ ለእኔ ቀረ።

መጋቢት ሲገባ ቤት ለቤት አሰሳ ሊደረግ ነው ተባለ።

በእኛ ፊት ለፊት የምትኖረው ሙሉእመቤት ልብስ ስታሰጣ ተጠጋችኝ። ታች ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ የማያውቁት መሣሪያ አግኝተው፣ የወረቀት ማባዣ ነው ብለው ባለቤቲቱን ከነመሣሪያው እንደወሰዷት ነገረችኝ። ልጆቿ በር ላይ ቀርተዋል አለች።

ከዚያ ያሰጣችውን ልብስ እያስተካከለች፣

«የእናንተስ... አለ አይደል?» አለችኝ።

በጋቢ ሸፍነን ያስቀመጥነውን ግቢው በሙሉ ያውቀው ኖሯል።

ያን ሌሊት ዓይኔ አልተከደነም። ባሌን ወስደዋል። እኔን ደግሞ ከወሰዱኝ ሰርኬን ማን ያነሳታል? በር ላይ በቀሩት ልጆች መሃል ልጄን አየኋት። ገና ሳይሆን አየሁት። ጠባዬ ነው።

ጠዋት ለእማማ ደብሪቱ እንሽጣቸው አልኳቸው። እህል ሲለቅሙ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«በቁሙ ያለ ሰው እቃ ይሸጣል እንዴ? እቃው ተሰብስቦ ከቤት የሚወጣው የሟች ነው።»

«ልጅቷስ እማማ?»

«አንቺ ልጅሽን ትጠብቂያለሽ» አሉ። «እኔም ልጄን እየጠበቅኩ ነው።»

ሰፌዱን መልሰው አነሱ።

በማግስቱ ፒያሳ ወጣሁና ካላዩ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። እምሩን ያውቀው ነበር። እየከበደውም ቢሆን ሊገዛቸው እሺ አለኝ። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና አልኩት። የሁዳዴ ጾም ነው፤ እማማ ደብሪቱ እግራቸው ስለሚያማቸው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ብቻ፣ ጊዮርጊስ ያስቀድሳሉ። ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው።

ሐሙስ ደረሰ።

ሰርኬን አስተኛኋት። ካላዩ አንድ ተሸካሚ ይዞ መጣ። በሩን ዘጋሁና ጋቢውን ገለጥኩት።

እጄን የግራው ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል አይባልም... ያቃጥላል። እጄን ሰበሰብኩ።

ያኔ ነው የቀኙን ያየሁት።

እየዞረ ነው።

ቀስ... ቀስ ብሎ። ባዶው ሳህን። መርፌ የለበት፣ ሸክላ የለበት።

«ካላዩ... ነካኸው?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም።»

ሁለታችንም ወለሉ ላይ የወደቀውን ሶኬት አየን።

«ነፋስ ይሆናል» አለ። መስኮቱ ዝግ ነው። ካላዩ ሳህኑን በአንድ ጣቱ አቆመው። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ቶሎ አውጡት አልኳቸው። ጎረቤት እንዳያየው ጣውላውን ከነማጫወቻዎቹ በጋቢው ጠቀለልነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይዘው ወጡ። እኔ ተከተልኩ። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ አላወቅሁትም።

ደጅ ስንወጣ ነው ምን እንደሚመስል ያየሁት።

ነጭ። ረጅም። በሁለት ሰው የተያዘ።

ሙሉእመቤት የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀና አለች። እጇን አደራረቀች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ከወዲያኛው ቤት ሌላዋ ወጣች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ሬሳ መስሏቸው ይሁን፣ መርዶ መጥቶ የሟች እቃ የሚወጣ መስሏቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም። በዚያ ዘመን ሰው አይጠይቅም ነበር። ሁለቱ ወንዶች በግቢው በር ወጥተው ሲሄዱ ሴቶቹ ክንዴን ይዘው መለሱኝና ወለል ላይ አስቀመጡኝ። ነጠላዬን ገልብጠው አለበሱኝ። እግዚአብሔር ያጥናሽ አሉኝ።

በመንግሥት ለተገደለ ሰው ጮኾ ማልቀስ ያስፈራ ነበር። ስለዚህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው አለቀሱ። ቤቱ በሴት ተሞልቷል... ድምፅ ግን የለም። ትከሻ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

አልሞተም ልል አፌን ከፈትኩ።

እና ያወጣችሁት ምንድነው ቢሉኝስ? በአሰሳ ሳምንት መሣሪያ አሸሸች ተብሎ ቀበሌ ቢደርስስ?

አፌን ዘጋሁ።

ግን ይህ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ልናገር። ስድስት ወር ሙሉ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሞተ ያለኝ ስለሌለ ማልቀሻ አልነበረኝም። አሁን ሰው ዙሪያዬን ከቦኛል፣ ነጠላዬ ተዘቅዝቋል...

አለቀስኩ። ደረቴን መታሁ። እምሩዬ ብዬ ለሟች የሚባለውን ሁሉ አልኩ። አንድም አላስቀረሁም።

ባሌን በቁሙ አለቀስኩበት።

እማማ ደብሪቱ የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው ሲገቡ ሴቶቹ ከበሩ ገለል አሉላቸው። ማን ሞተ አላሉም። በመካከላቸው አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

ጠረጴዛው ባዶ ነው። ጣውላው የነበረበት ቦታ ላይ የአቧራ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ከምልክቱ በግራ በኩል መዳፋቸውን አሳረፉ። ቆዩ።

«ቀዝቅዟል» አሉ።

ሴቶቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም። እኔ ገባኝ።

ለቀስተኛው ሲሄድ እውነቱን ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። አልረገሙኝም።

«መርዶውን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ገደለው?»

ተነሥቼ በሩን ቆለፍኩ።

አርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ካላዩ ነው። ያው ተሸካሚ፣ ያው ጣውላ። ጋቢው እንደተጠቀለለ።

ገንዘቤንም አልፈልግ፣ እነዚህንም አልፈልግ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆነ?»

ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትናንት ሱቅ እንዳስገባኋቸው... ዝም አለ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። የከፈትኩት ሬዲዮ። የግድግዳው ሰዓት። የመንገዱ መኪና። ልጣራ አፌን ከፈትኩ፣ የገዛ ድምፄን አልሰማሁትም። ደንቆርኩ ብዬ ነበር።» ጆሮውን በጣቱ ነካ። «ከሱቅ አውጥቼ ደጅ ሳስቀምጣቸው ነው የተመለሰልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር።

የግራው እንደቀዘቀዘ ቀረ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነካዋለሁ። ድንጋይ ነው። የቀኙን ለመንካት ግን ማናችንም አላሰብንም።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ገነነ የሚባል ሰው መጣ። ከእስር መለቀቁ ነው። ከእምሩ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። እርጥብ ኮቱን ሳያወልቅ በርጩማው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

እምሩ በሕይወት ነበር አለን። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቱን በጣቱ እየመታ፣ «ስሙ፣ ቤቴ ሸክላ ተነሥቷል» ይላቸው ነበር። መጀመሪያ ስቀውበታል። በኋላ ግን ዘጠኝ ሰዓትን እነሱም መጠበቅ ጀመሩ። ምንም አይሰሙም። የእሱን ጣት እያዩ ግን ይወዛወዛሉ።

«በሁዳዴ፣ አንድ ሐሙስ ቀን» አለ ገነነ፣ «እየመታ እያለ ጣቱ ቆመ። ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። 'ማነው ያጠፋው?' አለን።»

እማማ ደብሪቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያ በሩ ተከፈተ። ስሙን ጠሩት።»

ስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቅኩት። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ትንሽ ቢሆን ነው አለ።

ሲሄድ አልሸኘሁትም። እማማ ደብሪቱ ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ አየኋቸው። እጃቸውን ከጋቢው ሥር አስገቡ... ደነገጡ።

«ጽጌ። ነይ። እጅሽን አምጪ።»

መዳፌን ያሳረፉት የቀኙ ላይ ነው።

ይሞቃል።

ጋቢውን ገለጥኩ። ስሙኒው የቀኙ ክንድ ላይ ነው። ስሙኒ አስፈልጎት የማያውቀው ክንድ ላይ።

«አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል ይል አልነበር?» አሉኝ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ይኼ ደግሞ የማን ነው?»

ሰርኬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በቆርኪ ትጫወት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ መሸጥ የሚባል ቃል ከአፌ አልወጣም።

እማማ ደብሪቱ በ1975 ዓ.ም. አረፉ። ለቀስተኛ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሣሁና እጄን ከጋቢው ሥር አስገባሁ። ሰዎቹ በሐዘን አእምሮዋ ተነካ ሳይሉኝ አልቀሩም።

ይሞቃል። የሳቸው አልነበረም ማለት ነው።

ሁለት ሰው ቀረን። እኔ... ወይም ልጄ።

ሰርኬ ትኩሳት ሲይዛት የምሮጠው ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው ነበር። ዘግይታ ስትመጣ መንገድ ላይ ወጥቼ አልጠብቃትም። ሳህኑን ነክቼ እቀመጣለሁ። ታዲያ የትኛዋ እናት ይህን ለልጇ ትነግራለች? ክፉ ጠባይ ያለብኝ፣ በጋቢ የተሸፈነ እቃ የምወድ አሮጊት እንደሆንኩ ታስባለች።

አሁን ገዢ አግኝታለች። አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ አለችኝ፤ አጽድተው፣ አክብረው ይይዙታል አለች። ዛሬ ወስኚ አለችኝ። እኔም ጽፌ ላስነብብሽና አንቺው ትወስኛለሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ተነሣሁ።

የቀረውን ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ጋቢውን ገለጥኩት። ስሙኒው በቀኙ ክንድ ላይ ነው። መዳፌን አሳረፍኩ።

ያቃጥላል።

እጄን ሰብስቤ ልሸፍነው ስል... የግራውን አየሁት። አርባ ሰባት ዓመት ቀዝቅዞ የኖረውን።

እየዞረ ነው።

ቀስ... ቀስ ብሎ። ባዶው ሳህን።

ካላዩ እንዳደረገው በጣቴ ላቆመው ሞከርኩ። አልቆመም። ጣቴን ይዞት ዞረ።

ሰርኬ ጽፌ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም፤ ጓዳ ሆና በስልክ እያወራች ነበር። ኑ፣ ዛሬ መውሰድ ትችላላችሁ ስትል፣ ስትስቅም ሰምቻታለሁ።

አሁን ግን ሳቋ አይሰማኝም። የመንገዱ መኪናም አይሰማኝም።

«ሰርኬ» ብዬ ጠራኋት።

የገዛ ድምፄን አልሰማሁትም።